የሊማሊሞ መንገደኞችና ያልተቆጠሩት እንቁራሪቶች

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን ተራ በተራ ካለፈ በኋላ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ደጋውን ይጨርስና ወደ ቆላው ይወርዳል። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ የተነሣ ሲራራ ነጋዴም ሆነ የውጭ አገር እንግዳ ይህን አቀበት ወጥቶ፣ በወገራ በኩል አድርጎ ነበር ከተማዋ የሚደርሰው። የሰሜን ተራሮች ግርጌ ስም ገና በማለዳው በአውሮፓ የተፈጥሮ ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ የገባውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዓለም ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ያወቃቸው በዚህ አገር ባለፈ ሰው ብዕር ነው። እንቁራሪት፣ ጉርጥ፣ እስስትና እባብ ግን ያን ዕድል አላገኙም። ዛሬ በጎንደር ወይም በደባርቅ የሚማር የሥነ ሕይወት ተማሪ ከዳባት ጓሮ ባለ ረግረግ የምትጮኸውን እንቁራሪት ይዞ መጽሐፍ ቢገልጥ የላቲን ስም አያጣላትም። ያቺ እንቁራሪት ካለፈው ዓመት ዘንድሮ በዛች ወይስ አነሰች ብሎ ቢጠይቅ ግን መጽሐፉ ዝም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ዝምታው ከየት እንደመጣ ነው። ተመራማሪ ጠፍቶ አይመስለኝም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲመጡ ኖረዋል። የመጡት ግን መንገደኞች ነበሩ፤ ይዘው ሄዱ እንጂ ተመልሰው አልቆጠሩም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በ1770 የካቲት ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ የመጨረሻውን ቅጽ ለዕፀዋትና ለእንስሳት ሰጠው። በዚያ ቅጽ ከገበሎ ወገን ሥዕል የተሣለላቸው ባለ ቀንዷ የበረሃ እፉኝት፣ አሸዋ ውስጥ የምትሰወር እንሽላሊትና የባሕር ኤሊ ናቸው። ሦስቱም የበረሃና የጠረፍ ፍጥረታት ናቸው፤ ደራሲው በእግሩ ከረገጠው ከወገራና ከሰሜን ደጋ የመጣ የለባቸውም። በአገር ውስጥ የነበረው የጽሑፍ ትምህርትም በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳንም። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ስለ እፉኝት፣ ስለ አዞና ስለ እባብ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን እንስሳውን ለሃይማኖትና ለምግባር ትምህርት ምሳሌ አድርጎ ነው። የትኛው እባብ በየትኛው ገደል እንደሚኖር መመዝገብ የመጽሐፉ ዓላማ አልነበረም። የገበሬው እውቀት ከሁለቱም የሚበልጥ እንደነበር አያጠራጥርም፤ ሆኖም በቃል የኖረ እውቀት ስለሆነ ካላስጻፉት ባለቤቱን ተከትሎ መቃብር ይወርዳል።

ነገሩ መልክ የያዘው በኤድዋርድ ሩፐል ነው። የፍራንክፈርት ባለጸጋ ልጅ የነበረው ይህ ሰው በ1831 ምጽዋ ደርሶ፣ በ1832 ሰሜንን ተሻግሮ ጎንደር ገባ። ዘመኑ ሰሜንና ትግራይ በደጃዝማች ውቤ እጅ የነበሩበት ጊዜ ነው። ሩፐል የሰበሰበውን ሁሉ፣ የብራና መጻሕፍትም ጭምር፣ ወደ ትውልድ ከተማው አሻገረ፤ እንስሳቱ በ1817 ለተቋቋመው ለሴንከንበርግ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሙዚየም ተሰጡ። ከ1835 ጀምሮ በክፍል በክፍል ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በቀለም በተነደፉ ሥዕሎች ለዓለም ሊቃውንት ቀረቡ፤ የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ የሰሜንን ስም ይዟል። በዚያው መጽሐፍ የእንሽላሊት ክፍልም አለ፤ እዚያ ውስጥ ከምጽዋና ከጠረፉ የተያዙ ይገኙበታል። በደጋችን ቁጥቋጦ ሁሉ፣ በአዲስ አበባ አጥር ላይ ሳይቀር የምናያት እስስት ግን ተራዋ የደረሰው በ1845 ነው። ያውም ሩፐል በሙዚየሙ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ገበሎዎችና እንቁራሪቶች በዘረዘረበት የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ነው ስሟ የወጣው። የተያዘችበት ቦታ ተብሎ የተጻፈው «ሐበሻ» የሚል ብቻ ነው። አገሩ ከምጽዋ እስከ ጎንደር ሲሆን፣ ቆላውን ከደጋው የማይለይ እንዲህ ያለ መለያ ለኋለኛው ተማሪ ምን ይነግረዋል? ሩፐልን መውቀስ ፍላጎቴ አይደለም። ሥራው ለአንድ ሰው ከሚገባው በላይ ነበር፤ የለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1839 የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልመው ያለምክንያት አልነበረም። ዳሩ ግን ለዋልያ የሥዕል ገጽ፣ ለእስስት የመደርደሪያ ቁጥር የሚሰጠው ሚዛን በእሱ ተጀምሮ በእሱ አላበቃም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ በአጭሩ እንለፋቸው። በ1839 የተነሣው የፈረንሳዮቹ የለፌቭር ጉዞ ሁለት የተፈጥሮ ሊቃውንቱን እዚሁ አገር ቀብሯል፤ አንዱን ንዳድ ገደለው፣ ሌላውን አንቷን ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ስለ ገበሎ አስተኔ ጥናት ታሪክ በሚጻፍ ጽሑፍ ይህን ሳያነሡ ማለፍ ይከብዳል። በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የጂኦሎጂና የእንስሳት ምልከታውን በ1870 አሳተመ፤ መንገዱ ግን ወደ መቅደላ እንጂ ወደ ሰሜን ተራሮች አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ ወደ ደቡብ ዞረ። በሸዋ ልጥ ማረፊያ የነበረው ጣሊያናዊ ሐኪም ራጋዚ የላካት የዛፍ እንቁራሪት በ1896 በለንደኑ ሊቅ በቡሌንጀር እጅ ራጋዚ ተብላ ተጠራች። የአሳሹ የቦተጎ ጉዞ ከደቡብ ጫፍ ያመጣት ሌላ እንቁራሪት በ1898 ተሰየመች፤ የዛፍ እንቁራሪት ወገን ሆና ዛፍ የማትወጣ፣ አፈር ውስጥ የምትኖር ጉደኛ ናት። ኦስካር ኖይማን ከኤርላንገር ጋር ባደረገው የ1899–1901 ጉዞ የሰበሰባቸው የሣር እንቁራሪቶች ደግሞ በርሊን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በጠርሙስ ቆይተው በ1924 ኤርንስት አል ስም አወጣላቸው። አንዷ ኖይማን፣ አንዷ ኤርላንገር ተባለች። እንግዲህ ልማዱ ይህ ነው፦ መንገደኛው ይይዛል፣ ሌላ ከተማ የተቀመጠ ሊቅ ይሰይማል፣ የተያዘችበት ኩሬ ግን ተመልሶ የሚጠይቀው የለውም።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልማድ አጠራው እንጂ አልለወጠውም። በ1926 እና 27 እንግሊዛዊው ኦመር ኩፐር ባደረገው ጉዞ የተያዙት እንቁራሪቶች በ1930 በለንደን በፓርከር ተጠኑ፤ በደጋችን ቀዝቃዛ ሣር ውስጥ የምትገኘው የኩፐር እንቁራሪት ስሟን ያገኘችው ያኔ ነው። በዚያው በ1926 እና 27 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የላከው በኦስጉድ የሚመራ ቡድን አገሩን ሲያዳርስ ከያዛቸው መካከል አንዲት ጉርጥ በ1932 የኦስጉድ ጉርጥ ተብላለች፤ ወደ እሷ እንመለሳለን። የኩፐር ጉዞ ባልደረባ የነበረው የነፍሳት ሊቅ ሂው ስኮት በ1952 እና 53 እንደገና መጥቶ ወደ ሰሜን ከፍተኛ ቦታዎች ወጥቷል፤ ልቡ ግን ጥንዚዛ ላይ ነበር። የአገር ውስጥ ተቋም የተፈጠረው በዚሁ አሥርት ነው። በ1950 ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1955 አራት ኪሎ ላይ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አቋቋመ፤ በጎንደር ደግሞ በ1954 የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ማልኮልም ላርገን በዓባይ ሸለቆ የተደረገውን የ1968ቱን ጉዞ ጨምሮ ለዓመታት አገሩን እየዞረ ሰበሰበ። ከእሱ በፊት ከነበሩት ሁሉ የሚለየው እዚህ ኖሮ መሥራቱ ነው። ፍሬውም ታየ፤ በ1977 ከጎጃም አንዲት የዛፍ እንቁራሪት፣ በኋላም ከባሌ ራሳቸውን የቻሉ የእንቁራሪት ወገኖች በእሱ እጅ ተገለጡ፤ የ2001 የአምፊቢያን ዝርዝሩ የአገሪቱን ዝርያዎች ከ60 በላይ አድርሶ፣ ከእነዚያም ከሲሶው በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌሉ መሆናቸውን አሳየ። ከስፖልስ ጋር ስለ እንቁራሪትና ስለ ገበሎ ያዘጋጀው ወደ 700 ገጽ የሚጠጋው ትልቁ መጽሐፍ በ2010 ወጣ። የታተመው ፍራንክፈርት ነው።

እስካሁን ያየነው የመሰብሰብ ታሪክ ነው። አሁን በዚያው መሬት ላይ የመቁጠር ታሪክ ምን እንዳስገኘ እንይ፤ ክርክሬ የሚቆመው እዚህ ላይ ነውና። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ሲከለል ስዊሱ ኒቨርገልት ዋልያን በገደል ጠርዝ እየተከተለ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ከእሱም በኋላ ቆጠራው ሲቋረጥና ሲቀጠል ቆይቷል። በዳንባር የሚመራው የጭላዳ ጥናት በዚያው ፓርክ በሳንቃበር የተደረገው በ1970ዎቹ ነው። ዋልያ ስለተቆጠረ፣ ሲመናመንም ታወቀ። በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆል ነበር፤ በ2017 ከመዝገቡ ሲወጣም የዋልያው ማገገም ከማስረጃዎቹ መካከል ነበረ። የአንድ እንስሳ ቁጥር የመንገድ ሥራን አቅጣጫ አስቀየረ፣ የመንደር መነሣትን አከራከረ፣ የውጭ ገንዘብ አመጣ። ውሳኔዎቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ በ2016 በፓርኩ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር የተነሡት ቤተሰቦች ጉዳይ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው። የምለው፣ የተቆጠረ ፍጥረት ጠበቃ ያገኛል፤ ያልተቆጠረው ግን ቢጠፋም የሚከስስለት ማስረጃ የለውም።

ሁለተኛው ምሳሌ የዳባት ነው፤ ለእኔም ይህኛው ከዋልያው ይበልጣል። በ1996 የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ዳባት ላይ የጤና ምርምር ማዕከል ከፈተ። ሥራው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ በተመረጡ የደጋ፣ የወይና ደጋና የቆላ ቀበሌዎች ያሉትን ቤቶች መዝግቦ፣ በየጊዜው እየተመለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ ብሎ መጠየቅ። ለረጅም ዓመታት መዝጋቢዎች የዳባትን ደጃፍ እያንኳኩ ኖረዋል፤ ከዚያ መዝገብ ላይ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም፣ በውጭ መጽሔት የታተመ ጥናትም ወጥቷል። ዋና ከተማ ያልሆነች፣ ዩኒቨርሲቲም የሌላት አንዲት የወረዳ ከተማ ተመልሶ የመቁጠር ሳይንስ ማረፊያ ልትሆን ችላለች። ስለዚህ «በገጠር፣ በጥቂት ገንዘብ፣ በተማሪ ጉልበት ረጅም ጥናት አይሠራም» የሚለው ሰው መልሱን ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገውም። ለቤቱ የተሠራው መዝገብ ለኩሬው የማይሠራበት ምክንያት የለም። ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን በአንድ ወረዳ ውስጥ ማግኘት ደግሞ ለሕዝብ ጥናት ከሚጠቅመው ባልተናነሰ ለእንቁራሪት ጥናት ይጠቅማል፤ ደመ ቀዝቃዛ ፍጥረት ከፍታን ከሰው አብልጦ ይሰማዋልና።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖርና ሳይኖር ያለውን ልዩነት ባሌ አሳይታናለች። ባሌ በእንቁራሪት የታወቀችው በተፈጥሮ ሀብቷ ብቻ አይደለም፤ ከላርገን ጀምሮ ሰዎች ደጋግመው ወደ ሐረና ጫካ ተመልሰዋል። በ2013 በዴቪድ ጋወር መሪነት የታተመ ጥናት የብዙ ዓመታቱን ጉዞ ውጤት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ አስደንጋጭ ነገር ታየ። ቀድሞ በቀላሉ ትገኝ የነበረችው የኦስጉድ ጉርጥ ከ2003 ወዲህ አልተገኘችም፤ ሌሎቹም የባሌ ብርቅዬዎች ተመናምነዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያው ቡድን በኢትዮጵያ ደጋዎች ባሉ እንቁራሪቶች ቆዳ ላይ ኪትሪድ የሚባለው ገዳይ ፈንገስ በብዛት እንዳለ አስታውቆ ነበር። ይህ ፈንገስ በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች ዝርያዎችን ጨርሶ ያጠፋ ነው፤ የሚመቸውም ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ነው። በባሌ የጠፋችውን ጉርጥ በስሟ ልንጠራት የቻልነው ቀድመው የቆጠሩ ስለነበሩ ነው። እንዲህ ያለ ሞት በደባርቅ ረግረጎች ደርሶ ቢሆን ኖሮስ? ማን ያውቅ ነበር?

አንባቢ እዚህ ላይ ሊያነሣቸው ከሚችላቸው ተቃውሞዎች የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ላቅርበው። «ፍራንክፈርትና በርሊን ባያስቀምጡልን ኖሮ ዛሬ የምናወዳድረው ናሙና የት ይገኝ ነበር?» ይባላል። እውነት ነው። በ2021 እና በ2022 ሳንድራ ጉትና ስቴፋን ቧሲኖ ከኢትዮጵያዊው አበጀ ካሴ ጋር ሆነው የደጋችንን የሣር እንቁራሪቶችና አፈር ውስጥ የሚኖሩትን የዛፍ እንቁራሪቶች ሲመረምሩ፣ በአንድ ስም የተጠራው እንቁራሪት በእርግጥ ብዙ ዝርያ መሆኑን አሳይተዋል። ከሣር እንቁራሪቶቹ ብቻ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተሰይመዋል። ይህን ማድረግ የቻሉት ከአሮጌ የስያሜ ናሙናዎች የዘር ቅንጣት አውጥተው ከአዲሶቹ ጋር ስላስተያዩ ነው። ጠርሙሱ ባይኖር ስሙ የማን እንደሆነ መፍረድ ባልተቻለ ነበር። እንዲያውም «የዘመኑ የዘረመል ጥናት ካለ ጠርሙስ ምን ያደርጋል» ለሚለው ሌላ ተቃውሞ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ነገር ግን የሚያስመሰግነው መጠበቁ ነው፤ ሩቅ መሆኑ አይደለም። በአንድ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ስንታለል የኖርነው ናሙናው ጥቂት፣ ቦታው በግምት፣ ማወዳደሪያው በሌላ አህጉር ስለነበረ ነው። በ2017 የአማራን ስም ይዛ የተሰየመችው የሣር እንቁራሪት ከገበሬው ማሳ ዳር ስትጮኽ ኖራለች፤ ሳይንስ ከሌሎቹ እስኪለያት ድረስ ግን ከሩፐል መምጣት ወዲህ 185 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ኢትዮጵያዊው አበበ አመሃም የደጋችንን እንቁራሪቶች የሚመለከተውን የዶክትሬት ጽሑፍ በ2012 ያቀረበው ለባዝል ዩኒቨርሲቲ ነው። መማሩ ደግ ነው፤ የአገሩን እንቁራሪት ለማወቅ ስዊዘርላንድ መሄዱ ግን የታሪኩ ውጤት ነው። መልካሙ ዜና፣ ሚዛኑ መዞር ጀምሯል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአዳዲስ ዝርያዎች የስያሜ ናሙናዎች አራት ኪሎ ሙዚየም እየገቡ ነው።

«የሰሜን ደጋ ብርዳም ነው፤ እንቁራሪትና እባብ ጥቂት ነው፤ ለምን ይደከማል?» የሚል ሰው ደግሞ የተናገረው ግማሹ ትክክል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጅባራና ጓሳ በሚበቅልበት ቦታ የሚገኘው ገበሎና እንቁራሪት በጣት የሚቆጠር ነው። ዝርያው ጥቂት ከሆነ ግን ተማሪው በአንድ ክረምት ሊያውቃቸው ይችላል፤ ስሕተቱ ይቀንሳል፣ ቆጠራው ይረክሳል። ከዚህ በላይ የሰሜንን ግርጌ ልዩ የሚያደርገው ቁልቁለቱ ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ሲወረድ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ገብስ የሚዘራበት ብርድ አልቆ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ሙቀት ይመጣል። አየሩ ሲሞቅ የቆላው ፍጥረት ወደ ላይ የሚወጣበት፣ የደጋው ደግሞ መሸሻ የሚያጣበት መሰላል ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ ለማየት የዝርያ ብዛት አያስፈልግም፤ በአንድ መስመር ላይ፣ በተመሳሳይ ወር፣ በየዓመቱ መመለስ ይበቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከችግረኛው ወገን ስለሆነ ከሁሉም ይከብዳል። የጤና ጣቢያ መድኃኒት በሚጎድልበት ወረዳ እንቁራሪት መቁጠር ቅንጦት ነው ይባላል። የተቃዋሚውን ሐሳብ በእንቁራሪት ሳይሆን በእባብ መመለስ ይሻላል። በየዓመቱ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከወገራ ደጋ ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። እነዚህ ሰዎች መሬት ላይ ይተኛሉ፣ በማታ ይሠራሉ፣ ካላዛር በሚባለው በሽታ ይያዛሉ፣ በእባብ ይነደፋሉ። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርን ባከሙበት ቦታ የእባብ ንድፊያም አብሮ ሲታከም ቆይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። የመርዝ ማርከሻ በዘፈቀደ አይሰጥም፤ ለአንዱ እፉኝት የሚሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። በየትኛው እርሻ የትኛው እባብ እንዳለ የሚነግር መዝገብ ለሐኪሙ መሣሪያ ነው፤ ያን መዝገብ የሚሞላው ደግሞ እባብን በቅርፊቱ የሚለይ ተማሪ ነው። ጎንደር ሕክምናውም ሥነ ሕይወቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላሉ፣ ሁለቱ ቢተዋወቁ ኖሮ ይህ ገና ድሮ በተሠራ ነበር።

ስለ ጦርነት ሳልናገር ብጨርስ የአካባቢው ሰው ይታዘበኛል። ፓርኩን በ1985 ሠራተኞቹ ጥለውት ወጥተው የተመለሱት ከ1991 በኋላ ነው። በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ገብቶ የሰላማዊ ሰዎች ደም ፈስሷል፤ ከዚያ ወዲህም አገሩ ጸጥ አላለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ረጅም ጥናት ማሰብ የዋህነት የሚመስለው ይኖራል። ታሪኩን ስናየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከውጭ የሚመጣ ቡድን መንገድ ሲዘጋ ሥራው ይቆማል፤ መዝገቡ በአገሩ ሰው እጅ ካለ ግን አንድ ዓመት ቢዘለልም ሁለተኛው ዓመት ይቀጥላል። ዳባት ላይ የሰው ቆጠራው የቆየው መዝጋቢዎቹ የዚያው ሠፈር ልጆች ስለሆኑ ነው ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ይህ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ተቋም አለው። ሊቃውንቱን የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በየዓመቱ በጎንደርና በደባርቅ ለመመረቂያ የሚሠሩ ጥናቶች ስንቱ ስለ እንቁራሪት፣ ስለ እባብና ስለ እንሽላሊት እንደሆነ ይፈተሽ፤ ተማሪው የያዘው ናሙናም ከመመረቂያው ጽሑፍ ጋር እንዲመዘገብ አንድ ደንብ ይውጣ። ቦታው በከፍታና በኬክሮስ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ናሙናው በአልኮል ገብቶ በመለያ ቁጥር ይቀመጥ፤ ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ናሙና ለአራት ኪሎ ሙዚየም ይላክ። ከዳባት እስከ ሊማሊሞ ግርጌ አምስት ኩሬዎች ተመርጠው፣ በሐምሌና በነሐሴ ተማሪዎች በተከታታይ ይቁጠሯቸው። ከተመራቂው ጋር ካምፓሱን ለቅቆ የሚወጣ ናሙና ግን ከሩፐል ጠርሙስ ያነሰ ዋጋ አለው፤ የእሱስ ቢያንስ እስከ ዛሬ ይገኛል።